የድምፅ ማጉያውን ሽቦ ሁለት ጊዜ ነቀልኩት

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አስካለ እባላለሁ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ በማታ ትምህርት አራተኛ ክፍል ድረስ ገፋሁ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ስለነበር ከደብረ ብርሃን ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ተከትዬው መጣሁ። እሱ ሲሞት ዘመዶቼ ተመለሺ አሉኝ፤ አልተመለስኩም። መናኸሪያ አካባቢ፣ ከአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አጥር ጥግ፣ ደብተርና እስክርቢቶ፣ ዳቦና ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ።

የልጅ ልጄን ፍሬሕይወትን የማሳድጋት እኔ ነበርኩ። እናቷ ሥራ ፍለጋ ሞያሌ ከሄደች ወዲህ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበራትም። ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው። ፍሬ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ የሚኒስትሪ ፈተና ከፊቷ ነበር። የግል ትምህርት ቤት ለእኛ ቤት የሚታሰብ ነገር ስላልነበረ፣ ከዚያ ግቢ ከተባረረች የምትሄድበት ሌላ በር የለም። ይህን ያዙልኝ።

ሌላም ልንገራችሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ። ጾሙን እጾማለሁ፣ የማርያምን ማኅበር እጠጣለሁ፣ ክርስትናዬን ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ የሚያስረዳም ነገር የለውም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ሳሙኤል መጥፎ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ ደርቆ የኖረው ቧንቧ ውኃ ሰጠ፣ የሚቀር መምህር ጠፋ፣ ጫት በኪሱ ይዞ የሚገባ ጎረምሳ በሩ ላይ ተያዘ። ጴንጤ ነው። ያም አላስጨነቀኝም። ሐዋሳ ውስጥ ጴንጤ ጎረቤት የሌለው ሰው ካለ፣ ቤቱ ሐይቁ ውስጥ ነው ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ከመንግሥት በጀት ትልቅ ድምፅ ማጉያ ተገዛ። ለባንዲራ ሰልፍ ነው ተባለ። መጀመሪያ ብሔራዊ መዝሙሩ ብቻ ይሰማበት ነበር። ቀጥሎ የጴንጤዎቹ አንድ መዝሙር ተጨመረ። ቀጥሎ ተማሪዎቹ አብረው እንዲዘምሩ ሆነ። ከዚያ እጅ ማንሳት መጣ። እኔ ሱቄ ውስጥ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ግን ጨው ሲሟሟ አይታይም፣ ሲቀምሱት ነው የሚታወቀው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ፍሬ ደብተሯን አቅፋ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ፊቷ በፀሐይ ቀልቷል።

«ታመምሽ?» አልኳት።

«አልታመምኩም እማዬ። ወላጅ አምጪ ተብዬ ነው።»

«ማንን መታሽ?»

«ማንንም አልመታሁም። አልዘምርም ስላልኩ ባንዲራው ሥር አቆሙኝ።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። ሌሎቹ አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሳይዘምሩ አፋቸውን ብቻ። ከድር እንኳ ያንቀሳቅሳል።»

ከድር የሥጋ ቤቱ ባለቤት የሐጂ ልጅ ነው።

«አንቺስ አፍሽን ብታንቀሳቅሺ ምን ነበረበት?»

«የውሸት መዝሙር ነዋ» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ከዚያ ክፍል ስገባ ስነ ዜጋ ነበር። መምህሩ ምን ቢያስጽፈን ጥሩ ነው? መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። ሚኒስትሪ ላይ ይመጣል፣ አጥኑት አለን።»

ሳቅኩ። ሱቄን ዘግቼ ነጠላዬን አጣፋሁና ወጣሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው ላሊሞ ነበር። የሲዳማ ሰው ነው፤ ሲናገር ዝግ ይላል፣ የሚናገረው ግን መሬት አይወድቅም።

«እማማ አስካለ፣ ሱቁን በጠዋት ዘጉ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ገና ነው። ዳይሬክተሩ አለ?»

«አለ። ግን ፊትዎን አይቼ የለም ልበል እያልኩ ነው።»

«በልና እየው።»

በሩን ከፈተልኝ። «እኔም በእሱ ቸርች ነኝ፤ ግን መንገዱ በዚያ በኩል ነው» አለና በከዘራው አሳየኝ።

አቶ ሳሙኤል ከወንበሩ ተነስቶ ተቀበለኝ። «እናቴ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ነው የምናገረው። ልጄ ለምን ተባረረች?»

«አልተባረረችም። ሥነ ሥርዓት አላከበረችም። መዝሙሩ ሲዘመር ጆሮዋን ይዛ ቆመች። ትንንሾቹ እያዩ ነው።»

«ጆሮው የራሷ ነው።»

«እናቴ፣ እነዚህ ልጆች ሲሳደቡ፣ ሲደባደቡ ያዩ ነበር። አሁን ጸባያቸው ተለውጧል። እግዚአብሔርን ማመስገን ምን ጉዳት አለው? እርስዎም አማኝ ነዎት።»

«አማኝ ስለሆንኩ ነው የመጣሁት። ቤትህ ዘምር፣ ቸርችህ ዘምር፣ ስትድር ስትኩል ከጠራኸኝ መጥቼ እልል እላለሁ። ይህ ግን የመንግሥት ግቢ ነው። ይህ ማጉያ የተገዛው እኔም፣ ሥጋ ቤቱ ሐጂም፣ አንተም ከከፈልነው ግብር ነው። በሐጂ ግብር የሐጂን ልጅ የማያምነውን ታዘምረዋለህ?»

ፊቱ ጠቆረ። ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። «ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወጥታ ይቅርታ ትጠይቅ። እስክትጠይቅ ክፍል አትገባም።»

«ማንን ነው ይቅርታ የምትጠይቀው? አንተን ነው እግዜርን?»

«ትምህርት ቤቱን።»

«ትምህርት ቤቱ ምን ሃይማኖት አለው? ግድግዳው መቼ ተጠመቀ?»

ወጣሁ።

ማታ እራት ላይ ፍሬ ሽሮውን እያየች፣ «አንቺ ጠይቂ ካልሽኝ እጠይቃለሁ» አለች። ፈተናው እንዳያመልጣት ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ። ሰው ፊት ደፋር የሆነ ሁሉ ሆዱ አይፈራም ማለት አይደለም።

«እኔ ጠይቂ አልልሽም» አልኳት። «ነገ አብረን እንሄዳለን።»

ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ደረስን። የሐዋሳ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ የክፍሎቹ ጣሪያ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። ብሔራዊ መዝሙሩ ሲዘመር ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ እሱ የሁላችንም ነው። ሲያልቅ ያኛው መዝሙር ተጀመረ። እጆች ወደ ላይ ወጡ። አቶ ሳሙኤል በማይክሮፎኑ፣ «ፍሬሕይወት፣ ወደ ፊት ውጪ» አለ።

ፍሬ እኔን አየችኝ። እኔ ደግሞ በረንዳውን አየሁ። ማጉያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ሽቦው ወርዶ ግድግዳው ላይ ሶኬት ውስጥ ገብቷል። አስቤበት አልነበረም። እግሬ ሄደ፣ እኔ ተከተልኩት። በተሰለፉት ልጆች መካከል አልፌ፣ በረንዳውን ወጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ ሽቦውን ነቀልኩት።

መዝሙሩ ቃል መሃል ተቆረጠ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሳቁም እንደ ዝናብ እስከ ፊት መጣ።

«እናቴ፣ ይመልሱት» አለ አቶ ሳሙኤል።

«ልጄ ክፍሏ ትግባ፣ እመልሰዋለሁ።»

«ፖሊስ ነው የምጠራው።»

«ጥራ። እስኪመጣ ግን ወንበር ስጠኝ፣ ጉልበቴ አይረዳኝም።»

ወንበሩን ያመጣልኝ ላሊሞ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀበለኝ አንድ ወጣት መኮንን ነበር። እስክርቢቶውን ይዞ ያየኛል።

«እማማ፣ ክሱ ምንድን ነው ብዬ ልጻፍ?»

«ሽቦ ነቀለች በል።»

«የመንግሥት ንብረት አበላሹ?»

«አላበላሸሁም። መልሰህ ብትሰካው ይሠራል።»

«የሃይማኖት ሥርዓት አወኩ?»

«የሃይማኖት ሥርዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ይሠራል? እሱን መጀመሪያ ጻፈው፣ ከዚያ የእኔን እንጽፋለን።»

እስክርቢቶውን አስቀመጠ። አግዳሚው ላይ እስከ ከሰዓት ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ያለ ክስ ለቀቁኝ። በዚያው ከከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሰው ሄዶ ኖሯል፤ አቶ ሳሙኤልን መዝሙሩን ማን ፈቀደልህ አለው። የፈቀደለት የለም። መዝሙሩ ቀረ፣ ፍሬም ይቅርታ ሳትጠይቅ ክፍሏ ገባች። ውሎ አድሮ አቶ ሳሙኤል ቱላ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ይዛወርልኝ አላልኩም። ማንም አልጠየቀኝም።

የዚያን ዕለት ከጣቢያው ስወጣ የማኅበሬ ሴቶች ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። እልልታው አስፋልቱን ሞላው። ከሁሉ የምትቀርበኝ የሺ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች።

«እመቤታችን ናት እጅሽን የያዘችው» አለችኝ።

«እጄን ማንም አልያዘውም። ራሴ ነኝ የነቀልኩት።»

ትሕትና መሰላቸውና የባሰ እልል አሉ። በሚቀጥለው ማኅበር ከሙሴው ጎን አስቀመጡኝ፤ ሙሴ የማኅበሩ ሹም ነው፣ ከጎኑ የሚቀመጥ ቄሱ ብቻ ነበር። ለሃይማኖቷ የታሰረች እየተባልኩ ተመረቅኩ። ለሃይማኖቴ እንዳልታሰርኩ፣ ለልጅ እንደታሰርኩ ደጋግሜ ተናገርኩ። አዎ አዎ ይሉኛል። እኔ አንድ ነገር አድርጌያለሁ፣ እነሱ ያዩት ሌላ ነው።

አዲሱ ዳይሬክተር መምህር ጌታሁን የደብራችን ሰው ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር ነበር። አንድ ሰኞ፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ የክብር እንግዳ ሁኚልን ብሎ ላከብኝ። በዚያው በረንዳ፣ በዚያው ማጉያ አጠገብ፣ ጨርቅ የተነጠፈበት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። የሺና ሴቶቹ ነጠላቸውን ለብሰው አጥሩ ጥግ ቆመዋል። ለምን እንደመጡ አልገባኝም ነበር።

ብሔራዊ መዝሙሩ አለቀ። ከዚያ ማጉያው ውስጥ ከበሮ ተመታ። የእኛ መዝሙር ነው።

አልዋሻችሁም፤ ልቤ ሞቀ። ከልጅነቴ የማውቀው ዜማ በዚያ ማጉያ ሲወጣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጆቹ እንዲያጨበጭቡ ታዘዙ። ፍሬ ከሰልፉ ፊት ቆማ አፏን ሞልታ ትዘምራለች። ኮራሁባት።

ከዚያ ፍሬ ወደ ጎን ስታይ አየኋት። ዓይኗን ተከተልኩ።

ባንዲራው ሥር አንዲት ልጅ ቆማለች። ምሕረት ናት፣ የአቶ ሳሙኤል ልጅ። አባቷ ሲዛወር ፈተናው እስኪያልፍ እዚሁ አክስቷ ዘንድ ቀርታለች። እጇ ወርዷል፣ አፏ ተዘግቷል፣ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። ሰልፍ የሚያሰልፈው መምህር በአለንጋው ጭኑን እየመታ ወደ እሷ ይሄዳል። «አጨብጭቢ እንጂ» ሲላት ይሰማኛል። ፍሬ ደግሞ እየዘመረች ታያታለች። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ፈገግታ አለ።

ያ ፈገግታ ነው ያስነሳኝ። አለንጋው አይደለም። መምህሩን ነገ ማስቀጣት ይቻላል፤ ያ ፈገግታ ግን ከእኔ ቤት ነው የወጣው።

ተነሳሁ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ሽቦውን ነቀልኩት። በዚህ አላበቃሁም፤ በማጉያው በኩል ያለውንም ጫፍ ነቅዬ ሽቦውን ጠቅልዬ ነጠላዬ ሥር ከተትኩት።

በዚህኛው ጊዜ የሳቀ የለም።

«እማማ» አለ መምህር ጌታሁን፣ «የእኛ እኮ ነው።»

«ያኛውም የእነሱ ነበር።»

«እነሱ አስገድደው ነው።»

«አንተስ ያቺን ልጅ ለምነህ ነው ያቆምካት?»

የሺ አጥሩን ይዛ ጮኸች። «አስካለ፣ ምን ነካሽ? ጴንጤ ሆንሽ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም። ትናንት የነበርኩትን ነኝ።»

መምህር ጌታሁን ቀረብ ብሎ በለሆሳስ አናገረኝ። «እሺ፣ እናስማማው። ሰኞ የእኛ ይሁን፣ ማክሰኞ የጴንጤዎቹ፣ አርብ የእስላሞቹ። ፍትሕ አይደለም?»

ዞር ብዬ ከበረንዳው ሥር የቆመውን ላሊሞን አየሁት። «ላሊሞ፣ አባትህ እንዴት ነበር የሚያመልኩት?»

«አባቴ? አባቴ ቸርችም መስጊድም አልገባ። እንደ አያቶቹ በዛፍ ሥር ነበር የሚጸልይ።»

«ለእሳቸው የልጅ ልጅ የትኛውን ቀን ትሰጠዋለህ?» አልኩት መምህሩን። «ቀኑን አካፍለህ ስትጨርስ ሒሳብ የሚማሩት መቼ ነው?»

ሽቦውን ይዤ ወጣሁ። ምሕረት አጠገብ ሳልፍ አላናገርኳትም። ሰው ሁሉ ካያት በኋላ እኔ ደግሞ ልጨምርባት አልፈለግኩም።

ከሰዓት ያ መኮንን ራሱ ሱቄ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ።

«እማማ፣ እንደገና?»

«እንደገና።»

«ያኔ የእነሱን ነቀሉ። ዛሬ የራስዎን። እንግዲህ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?»

«አያት ነኝ። ጻፈው።»

ሽቦውን ይስጡኝ አለ። ወላጆች ተሰብስበው ነገሩን እስኪቆርጡ አልሰጥም አልኩት። የዚያን ጊዜ ሊያስረኝ ይችል ነበር። ዳቦ ገዝቶ ሄደ።

የከፋው በሳምንቱ መጣ። የማኅበሩ ተራ የእኔ ቤት ነበር። ጠላው ደረሰ፣ ድፎው ተጋገረ፣ ቤቱ ተጠረገ። ሙሴውም የሺም፣ ከሴቶቹም አንዲት አልመጣችም። ቄሱ ብቻ መጥተው በር ላይ ቆመው ዳቦውን ባረኩ፤ ሳይቀመጡ ሄዱ። ፍሬ ከሽቦው ቀን ጀምራ ከእኔ ጋር አትነጋገርም ነበር። ያን ምሽት ድፎውን እያየች፣ «የእኛን መዝሙር ያጠፋሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«ምሕረት ባንዲራው ሥር ስትቆም ለምን ሳቅሽ?» አልኳት።

«አልሳቅኩም።»

«አየሁሽ እኮ።»

ድፎውን ገፋ አደረገች። «አባቷ እኔን እንዲያ አቁሞኝ አልነበር?» አለች።

«አባቷ ነው። እሷ አይደለችም። ነገ ሌላ ሰው ሲሾም ደግሞ አንቺ ነሽ ተመልሰሽ የምትቆሚው። ያቺ ቦታ ባዶ እንድትሆን ነው የምፈልገው። ማንም እንዳይቆምባት።»

የወላጆች ስብሰባ የተጠራው በዚያው ሰሞን ነው። አዳራሹ ሞላ። አቶ ሳሙኤልም እንደ ወላጅ ከቱላ መጥቶ ኋላ ተቀምጧል። የሺ ተነስታ ከሐዲ ናት አለችኝ። ሥጋ ቤቱ ሐጂ ተነስተው ልጄ ትምህርት ቤት አፉን በውሸት ማንቀሳቀስ ተማረ፣ እኔ ልማር ብዬ ነው የላክሁት አሉ። አንድ ሰው ያለ ፈጣሪ ልጅ ይበላሻል አለ። «ፈጣሪ በሽቦ አይመጣም፣ በሽቦም አይሄድም» አልኩት። ከዚያ ሽቦውን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። «ባንዲራው ይሰቀል፣ ብሔራዊ መዝሙሩ ይዘመር፣ ደወል ይደወል፣ ክፍል ይግቡ። የጸሎቱን ነገር እኛ ቤታችን እንጨርሰዋለን። በዚህ ከተስማማችሁ ሽቦውን ውሰዱ። ካልተስማማችሁ ደግሞ እወቁ፣ ቤቴ ቅርብ ነው።»

እጅ ወጣ። ጥቂት በለጥን። ያችን ጥቂት እስከ ዛሬ እወዳታለሁ።

ስንወጣ አቶ ሳሙኤል ጠብቆ ያዘኝ። «እናቴ፣ ስለ ልጄ አመሰግናለሁ።»

«ለአንተ ብዬ አይደለም። ልጅህ የቀመሰችው አንተ የጣድከውን ነው።»

አቀረቀረ። ቀና ሲል ግን እሱም ግትር ነው፤ «እኔ አሁንም ስለ ልጆቹ ሁሉ መጸለይ አልተውም» አለ።

«ጸልይ። ቤትህ ሆነህ። ለፍሬም ጨምርላት፣ ሚኒስትሪ ደርሶባታል።»

ሁለታችንም ሳንፈልግ ሳቅን።

ፍሬ ፈተናውን አለፈች፤ ምሕረትም አለፈች። ጓደኛሞች አልሆኑም፣ ይህ ልብ ወለድ አይደለም። በአንድ ግቢ የተማሩ ሁለት ልጆች ሆኑ፣ በቃ። ዛሬ ፍሬ ራሷ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ጠዋት ሰልፍ ላይ ማንም አፉን በውሸት ሲያንቀሳቅስ ካየች ደውላ ትነግረኛለች። ማኅበሬም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የሺ መጨረሻ መጣች፣ እሷም እያኮረፈች። ከሙሴው ጎን ግን ዳግመኛ አላስቀመጡኝም። ከበሩ አጠገብ ነው ቦታዬ። ይሻለኛል፤ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ከዚያ ይታያል።

ይህን የጻፍኩት እንድታመሰግኑኝ አይደለም። የመጀመሪያውን ቀን የሚያመሰግኑኝ ብዙ ናቸው፣ ዛሬም ያወሩታል። ለእኔ ግን የመጀመሪያው ቀን ምንም አይደለም። የሌላውን ሰው መዝሙር ማንም ይነቅላል፤ ንዴት ብቻ ይበቃዋል። እጄ የከበደኝ ከበሮው ሲመታ፣ ልቤ ሲሞቅ፣ ዘመዶቼ እልል ሲሉ ነው። እናንተም ልጆቻችሁን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ስትልኩ፣ ማጉያው የራሳችሁን ዜማ መጫወት የጀመረ ዕለት፣ እባካችሁ ከማጨብጨባችሁ በፊት ባንዲራው ሥር እዩ። እዚያ የቆመች ልጅ ካለች ሽቦው የት እንዳለ ታውቃላችሁ።

እኔ አርጅቻለሁ፣ ጉልበቴ እምቢ ብሏል። ጎንበስ ማለት ግን አሁንም እችላለሁ።